በሰርግ ሌንስ ፕላኔት ለመያዝ ድሬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፣ የያዝኩ መሰለኝ (ረጅም ነው)

ከዚራ_ጣሪያ
እሁድ ጠዋት 4:15

እንዴት ናችሁ ጀማው። ረጅም ነው ብያለሁ፣ ሻይ አፍልታችሁ ተቀመጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኬልት 9ቢ ስለምትባል ፕላኔት ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ክብደቷ የጁፒተርን ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል፣ ግን ኮከቧ ላይ ተለጥፋ ነው የምትዞረው፣ አንድ ዙር 36 ሰዓት እንኳን አይሞላም። ሰኞ ጠዋት እንቁጣጣሽ ብለህ ማክሰኞ ማታ ደግሞ እንቁጣጣሽ በለው። ኮከቧ እንደኛ ፀሐይ አይደለችም፣ የኛ ፀሐይ ፊቷ 5,500 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ያቺኛዋ 10,000 ገደማ፣ ነጭ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ፕላኔቷ ራሷ ኮከቧን በሚያየው ጎኗ ወደ 4,300 ዲግሪ ትደርሳለች፣ ከብዙ ኮከቦች ትሞቃለች ማለት ነው። ብረት እዛ ቀልጦ አይቀርም ይተናል፣ በ2018 የተነነ ብረትና ታይታንየም አየሯ ውስጥ አግኝተዋል። እኛ ግንቦት ላይ አልጋ ግቢ አውጥተን ተኝተን ድሬ ፈጀችን እንላለን አቦ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሙቀቱ አይደለም፣ የተገኘችበት ዕቃ ነው። የፕሮጀክቱ ስም ኬልት ነው፣ ሲፈታ "ኪሎዲግሪ እጅግ በጣም ትንሽ ቴሌስኮፕ" ነው፣ እንደ ቀልድ ያወጡት ነው የሚመስለው። አንዱ አሪዞና፣ ሌላው ደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ነው የነበረው። ሌንሱ ፎቶ አንሺ የሚገዛው የማሚያ 80 ሚሊሜትር ነው፣ የብርሃን መግቢያው 42 ሚሊሜትር። ስኒ አምጡና አፉን ለኩ፣ ከስኒ አፍ ያንሳል።

የአክስቴ ልጅ የሰርግ ካሜራማን ነው። 85 ሚሊሜትር፣ 1.8 የሚል ሌንስ አለው። 85ን ለ1.8 አካፍሉ፣ የብርሃን መግቢያው 47 ሚሊሜትር ነው። ከነሱ ይሰፋል!! ከዛ በኋላ ማን ይያዘኝ።

ትናንት ቅዳሜ ከማታው 1:30 እስከ 5:30 ገደማ ፕላኔቷ ከኮከቧ ፊት እንደምታልፍ ኢንተርኔት ላይ ከሚወጣው ሰንጠረዥ አየሁ፣ ስታልፍ የኮከቧ ብርሃን ትንሽ ይቀንሳል። ጣሪያ ወጣሁ፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ ወደ ሰሜን፣ ሲግነስ የሚባሉት በወፍ የተመሰሉት ኮከቦች ላይ። ኮከቧ በዓይን አትታይም፣ ትንሽ ደብዛዛ ናት፣ በካሜራ ግን ቁጭ ብላለች። 3 ሰከንድ 3 ሰከንድ እያደረግኩ ማንሳት፣ ሰማዩ ስለሚዞር በየግማሽ ሰዓቱ ካሜራውን መልሼ አስተካክላለሁ። ጎረቤት የግቢ አምፖል አበራ፣ ለመንኩት አጠፋ። እናቴ ሁለት ጊዜ ወጥታ "ልጄ ደህና ነህ?" ብላኛለች። 4 ሰዓት ላይ መብራት ሰፈሩን በሙሉ ሄደ፣ በሕይወቴ መብራት ሲጠፋ ያጨበጨብኩት ትናንት ብቻ ነው።

ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ብርሃኗን አጠገቧ ካለ ኮከብ ጋር እያካፈልኩ ግራፍ አወጣሁ። ዝቅ ይላል!!! 2 ከመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ይመለሳል። አቦ እጄ ተንቀጠቀጠ። ግራፉን ከታች ለጥፌዋለሁ።

ደቻቱ_ማዶ
እሁድ 4:40

አቦ አንተ ልጅ ሰርጌ ላይ የጠፋው ካሜራማን አንተ ጋ ነበር እንዴ 😂 ሙሽራዋን ትቶ ፕላኔት

ለገሀር_ባቡር
እሁድ 5:02

እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር። ማን ሄዶ አየ? ኮከብ ትንሽ ደበዘዘ ብለህ "ፕላኔት አለ፣ ብረት አለ፣ ታይታንየም አለ" ይባላል? እኔ ባጃጅ ቤት ስሠራ መብራቱ የሚደበዝዝ ባጃጅ ስንት አይቻለሁ፣ ፕላኔት ግን አላለፈበትም።

ሀዩ_ገንደቆሬ
እሁድ 5:10

@ለገሀር_ባቡር 😂😂😂 ወላሂ ሞትኩ

ቲቸር_ሳቢያን
እሁድ 8:30

ከዚራ፣ መጀመሪያ ጎበዝ። ብዙ ሰው ያወራል፣ አንተ ጣሪያ ወጥተሃል። አሁን ግን ላስከፋህ ነው።

ግራፍህን አስፍተህ እየው። ዝቅታው አንድ ጊዜ አይደለም የመጣው፣ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተደጋገመ ነው። ቀስ እያለ ይወርድና ድንገት ይመለሳል፣ ቀስ እያለ ይወርድና ድንገት ይመለሳል። ጥርሶቹ መሀል ያለውን ጊዜ ቁጠር። ግማሽ ሰዓት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ምን አድርጌያለሁ ብለህ ነበር?

ካሜራውን መልሰህ ስታስተካክል ኮከቧ ፎቶው መሀል ትሆናለች፣ ከዛ ሰማዩ ሲዞር ወደ ዳር ትሄዳለች። ያ ሌንስ ሙሉ ሲከፈት ዳሩ ከመሀሉ ይጠቁራል፣ ሰርግ ላይ ያምራል፣ እዚህ ግን ያታልልሃል። የማወዳደሪያ ኮከብህ ደግሞ ከሷ ራቅ ያለ ስለሆነ ጥላው እኩል አይመታቸውም። ደግሞ የፈለግከው ዝቅታ 2 ከመቶ አይደለም፣ ከ1 ከመቶም በታች ነው፣ 0.7 ገደማ። ከ1,000 ሻማ 7 ማጥፋት ማለት ነው። 2 ከመቶ ስታይ ደስ ማለት ሳይሆን መደንገጥ ነበረብህ።

ከዚራ_ጣሪያ
እሁድ 8:37

ቲቸር 😭😭😭

ቆጠርኩት። ትክክል ነሽ። ግማሽ ሰዓት ነው።

ደቻቱ_ማዶ
እሁድ 8:39

ፕላኔት ሳይሆን ትራይፖድ ነው ያገኘኸው

ቲቸር_ሳቢያን
እሁድ 9:05

አትሳቁበት፣ ኬልትም የራሱ የሚያታልል ችግር ነበረበት። የነሱ ሌንስ 26 ዲግሪ በ26 ዲግሪ ሰማይ ነው በአንዴ ያነሳ የነበረው፣ ስለዚህ አንዷ ፒክስል ውስጥ ብዙ ኮከብ ይጨማለቃል። ከኋላ ያሉ ሁለት ኮከቦች እርስ በርስ ሲጋረዱ ፊት ያለው ኮከብ የደበዘዘ ይመስላል። እንዲህ ዓይነት ውሸት ከእውነቱ ይበዛል። ለዛ ነው በየአገሩ ያሉ ትናንሽ ቴሌስኮፖች፣ አማተሮችም ጭምር፣ "እውነት ይቺው ናት የደበዘዘችው?" ብለው እንዲያጣሩ የሚደረገው። ከዛም በኋላ ገና ፕላኔት አይባልም።

@ለገሀር_ባቡር ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ባጃጁን ተዉትና። መደብዘዝ ስፋቱን ብቻ ነው የሚነግርህ። ክብደቱን ካላወቅህ ደብዛዛ ትንሽ ኮከብም ልትሆን ትችላለች። ክብደት የሚለካው ኮከቡ ሲወዛወዝ በማየት ነው፣ ፕላኔቱ ሲጎትተው ወደኛ ትንሽ ይመጣል ይሄዳል። በ1995 ማዮርና ኬሎዝ 51 ፔጋሲ ቢን ያገኙት በዚህ ነው፣ በ4 ቀን የሚዞር ጁፒተር መሰል ነገር፣ በ2019 ኖቤል አገኙበት።

እዚህ ጋ ነው ጉዱ። ውዝዋዜው የሚነበበው የኮከቡ ብርሃን ውስጥ ካሉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ነው። የነጠላ ጥለት አስቡ። እንደኛ ፀሐይ ያለ ኮከብ ጥለቱ ቀጭንና ብዙ ነው፣ በሺ የሚቆጠር፣ ትንሽ ወደ ግራ ቢሸሽ ታውቃለህ። የጋለ ኮከብ ግን አንደኛ፣ ሙቀቱ አቶሞቹን ኤሌክትሮናቸውን ስለሚነጥቃቸው መስመሩ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ በጣም ነው የሚሽከረከረው። ፀሐያችን በሰከንድ 2 ኪሎሜትር ገደማ ትዞራለች፣ የኬልት 9 ኮከብ ከ110 በላይ። አንዱ ጎን ወደኛ እየመጣ ሌላው እየሸሸ ስለሆነ መስመሩ ይዘረጋል። ጥለቱ በፈላ ውሃ ታጥቦ ቀለሙን የለቀቀ ነጠላ በለው፣ ግራ ሄደ ቀኝ ሄደ እንዴት ታውቃለህ? ለዛ ነው ለዓመታት ፕላኔት አዳኝ ሁሉ ቀዝቀዝ ያሉና ዝግ ብለው የሚዞሩ ኮከቦች ላይ ብቻ ያተኮረው። የጋሉት ስለሌላቸው አይደለም፣ ስለሚያስቸግሩ ነው የተዘለሉት።

ሀዩ_ገንደቆሬ
እሁድ 9:20

ቲቸር እኛ ስንማር እንዲህ አላስረዱንም ወላሂ፣ ፎርሙላ ብቻ

ግን ታዲያ የኬልት 9ን እንዴት አረጋገጡ? መስመሩ ተበላሽቷል ካልሽ

ቲቸር_ሳቢያን
እሁድ 9:48

በብልሃት። የሚወደድ ብልሃት ነው፣ እኔ በክፍል ሳስረዳ ሁሌ ጊዜ ያልቅብኛል።

ኮከቡ ሲሽከረከር ግራ ጎኑ ወደኛ ይመጣል፣ ቀኝ ጎኑ ይሸሻል አልን። ፕላኔቷ ግራ ጎኑ ላይ ስትቆም የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ትጋርዳለች፣ መሀል ላይ ስትሆን የመሀሉን፣ ቀኝ ላይ የሚሸሸውን። ስለዚህ ያ የተዘረጋው ወፍራም መስመር ውስጥ ትንሽ ጉድፍ ትታያለች፣ በሰዓታት ውስጥ ቦታ ስትቀይር ትከተላታለህ። የፕላኔቷ ጥላ ነው። የደበዘዘው ከኋላ ያለ ኮከብ ቢሆን ጉድፏ እዚህ መስመር ውስጥ አትገኝም፣ ስለዚህ ውሸቱ ይለያል። ልብ በሉ፣ የሚያስቸግረው ሽክርክሪት ራሱ ነው የሚያግዘው። መስመሩ ባይዘረጋ ኖሮ ጉድፏ የምትሄድበት ቦታ የላትም። ዋስፕ 33ቢ የምትባለው በ2010 የተረጋገጠችው በዚህ ነው፣ በ29 ሰዓት ገደማ ነው የምትዞረው፣ እሷ ደግሞ ኮከቧ ከሚሽከረከርበት በተቃራኒ ነው የምትሄደው።

ኬልት 9ቢን ስታይ ጉድፏ ወደ ጎን እምብዛም አትሄድም። ለምን? ከግራ ወደ ቀኝ ሳይሆን በኮከቡ ዋልታዎች በኩል ስለምታልፍ። የኛ ፕላኔቶች በፀሐይ ወገብ ዙሪያ አካባቢ ናቸው፣ እሷ ከላይ ወደ ታች ትዞራለች። ክብደቷንም ብዙ ጊዜ ደጋግመው በመለካት አውጥተውታል፣ ከጁፒተር 2.9 እጥፍ ገደማ። ጋውዲ የሚባል የኦሃዮ ስቴት ሰውዬና ጓደኞቹ ናቸው በሰኔ 2017 በፈረንጆቹ ያወጡት።

ለገሀር_ባቡር
እሁድ 10:15

እሺ ይሄ ገባኝ። ጥላው ሲሄድ ካየኸው ሌላ ነገር ነው። ባጃጁን አንስቻለሁ።

ግን ለምን ዘወር ብላ ትዞራለች? ማን ገፋት

አለማያ_ነፋስ
እሁድ 11:00

እኔ ልመልስ፣ ቲቸር ካጠፋሁ አርሚኝ። ጁፒተርን የሚያክል ነገር እዛ ድረስ ተጠግቶ ይወለዳል ተብሎ ብዙም አይታሰብም፣ ሩቅ ተወልዶ ነው የሚጠጋ የሚባለው። እንዴት ተጠጋ የሚለው ላይ ነው ክርክሩ፣ ጋዝና አቧራው ውስጥ ቀስ ብሎ ከተንሸራተተ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ሌላ ፕላኔት ወይ ሌላ ኮከብ ከጎነተለው ግን ተንጋዶ ይመጣል። በ2010 ዊን የሚባል ሰውና ጓደኞቹ ያዩት ነገር ከ6,000 ዲግሪ አካባቢ በላይ የሚሞቁ ኮከቦች ላይ ያሉት ፕላኔቶች ብዙ ጊዜ የተንጋደዱ ናቸው፣ የቀዘቀዙት ላይ ያሉት ደግሞ ቀጥ ያሉ። የቀዘቀዘ ኮከብ ላይኛው ሽፋኑ እንደ ድስት ስለሚፈላ ፕላኔቱን በስበት ቀስ በቀስ ያቃናዋል፣ የጋለው ግን ላይኛው አይፈላም ስለዚህ እንደተንጋደደ ይተወዋል፣ ይሄ ነው የተሰጠው ምክንያት።

ስለዚህ የጋሉ ኮከቦችን ብትዘል የተንጋደዱትን አታያቸውም፣ ሁሉም ቀጥ ነው ብለህ ትቀር ነበር። እኔን የሚገርመኝ እሱ ነው።

ቲቸር_ሳቢያን
እሁድ 11:08

አላጠፋህም። የት ነው የተማርከው?

አለማያ_ነፋስ
እሁድ 11:10

እርሻ ነው የተማርኩት 😅 ሰማይ በራሴ

ሀዩ_ገንደቆሬ
እሁድ 11:31

እኔ ደግሞ ሰርች ሳደርግ "ማስካራ 2ቢ" የሚባል አየሁ። ማስካራ?? የዓይን?

አለማያ_ነፋስ
እሁድ 11:40

አዎ 😂 የካሜራዎቹ ስም ምህጻር ነው፣ ላ ፓልማ ደሴትና ቺሌ ላ ሲላ ላይ ነው የተተከሉት። እነሱማ የባሱ ናቸው፣ 24 ሚሊሜትር የካኖን ሌንስ ነው። ብሩህ ኮከቦችን ብቻ ነው የሚጠብቁት። ማስካራ 2ቢና ኬልት 20ቢ አንድ ፕላኔት ናት፣ ሁለቱም ቡድን በ2017 አገኛት ሁለቱም ስም ሰጣት።

ደቻቱ_ማዶ
እሁድ ማታ 12:50

ሁለት ቤት አንድ ልጅ ሲያወጣ እንደዛ ነው፣ አያቷ ጋ አንድ ስም አባቷ ጋ ሌላ

ጀጎል_አምስት_በር
እሁድ ማታ 1:15

ከሐረር ሰላም። ስም ካነሳችሁ እኛ አገርም ስም አውጥታለች፣ የረሳችሁት ይመስላል። በ2019 የዓለም የአስትሮኖሚ ህብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና ፕላኔት ሲያድል ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና ተባለ፣ ፕላኔቱ አቦል። አንድሮሜዳ የሚባሉት ኮከቦች ውስጥ ነው፣ በባይኖኩላር ይታያል። አቦል የጋለ አይነት አይደለም ግን፣ ከኮከቡ ራቅ ብሎ ወደ 1,000 ቀን ገደማ ነው የሚዞረው። ሌላ ፕላኔት ከተገኘ ቶና ነው የሚባለው ብዬ እጠብቃለሁ፣ እኛን ቢጠይቁን ግን እንደ ቡና ቅጠል ሻያችን ቁጢ ይባል ነበር።

ሌላ ነገር። ከዚራ፣ ኮከብህ ያለችው ሳድር ከሚባለው ደማቅ ኮከብ አጠገብ ነው አይደል? ሰድር በዐረብኛ ደረት ነው። እዛው ያለው ደማቁ ኮከብ ዴኔብ ደግሞ ጅራት ነው፣ ዘነብ። የወፏ ደረትና ጅራት። ቁርዓን ቤት የተማረ ሰው ሰማዩ ግማሹ ይገባዋል።

ከዚራ_ጣሪያ
እሁድ ማታ 1:22

ሳድር አጠገብ ናት አዎ!! ሁለት ዲግሪ አትሞላም። ይሄንን ሳላውቅ ነው "ሳድር" እያልኩ የነበረው

ጀጎል_አምስት_በር
እሁድ ማታ 1:30

ሌላም ልስጥህ። በመሣሪያ ከመልፋትህ በፊት በዓይንህ ተለማመድ። አልጎል አለ፣ ራስ አል-ጉል፣ የጉሉ፣ የጭራቁ ራስ። ፐርሲየስ የሚባሉት ኮከቦች ውስጥ፣ አሁን ማታ ከ5 ሰዓት በኋላ በሰሜን ምስራቅ ከፍ ይላል። እሱም የጋለ ኮከብ ነው፣ ደብዘዝ ያለ ጓደኛው በየ2 ቀን ከ21 ሰዓት ገደማ ፊቱን ይጋርደዋል፣ ብርሃኑ ወደ ሲሶው ይወርዳል። ጅብ ካልፈራህ ከጀጎል ውጭ መጥተህ አብረን እናያለን። ጅቡ ለምዷል፣ ችግሩ እንግዳ ነው 😄

ለገሀር_ባቡር
እሁድ ማታ 2:05

ሰፈራችን ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው እናንተ የጉል ራስ። ይሁን፣ አልጎልን ግን አያለሁ

ቲቸር_ሳቢያን
እሁድ ማታ 2:40

ወደ ከዚራ ልመለስ። ፎቶዎቹን አትሰርዝ፣ የሚጠቅም ነገር አለባቸው። አሁን የምታደርገው፦

የሌንሱን ጥላ ለማጥፋት ነጠላ ያስፈልግሃል። አልቀለድኩም። ፀሐይ እንደገባች ሰማዩ ገና ሳይጨልም ንጹህ ነጭ ነጠላ አጥፈህ ሌንሱ ላይ ወጥር፣ ፎከሱን ሳትነካ ወደ ሰማይ 30 ያህል አንሳ። ያ ፎቶ ሌንሱ ራሱ የት እንደሚጠቁር ያሳይሃል፣ ሌላውን ሁሉ ለሱ ታካፍለዋለህ። ከዛ ሌንሱን ከድነህ በዛው 3 ሰከንድ ሌላ 30። የድሬ ሌሊት ሞቃት ስለሆነ ካሜራው ውስጥ ብርሃን ሳይኖር የሚበሩ ፒክስሎች ይበዛሉ፣ በነዚህ ታወጣቸዋለህ። አንድ ፎቶ ብቻውን 3 ከመቶ ይሳሳታል እንበል፣ የ100 ፎቶ አማካይ ስትወስድ ግን 0.3 ነው የሚሆነው። ፎከሱን ትንሽ አጥፋው፣ ብርሃኗ ብዙ ፒክስል ላይ ይዘርጋ። ማወዳደሪያ የቅርብ ኮከብ ምረጥ፣ ዴኔብን ግን ተው፣ እሱ ራሱ ይለዋወጣል።

ቀኑን አስሉ። አንድ ዙር 1.481 ቀን ነው። ሁለት ዙር 2.962፣ ከ3 ቀን 54 ደቂቃ ያህል ይጎድላል። ቅዳሜ መሀሏ 3:30 ከነበረ ማክሰኞ 2:36 ነው። ስትገባ ገና ጀንበር እንደገባች ስለሆነ አትደርስበትም፣ ስትወጣ ግን 4:30 አካባቢ ነው፣ ከዛ በኋላ ሙሉ ብርሃኗን ታገኛለህ። የሚያስፈልግህ እሱ ነው፣ ቅዳሜ እኮ ከወጣች በኋላ ምንም አላነሳህም።

ከዚራ_ጣሪያ
እሁድ ማታ 2:51

5:30 ላይ ባትሪ አልቆ ነው ቲቸር። እሺ። ነጠላ።

አለማያ_ነፋስ
ሰኞ ጠዋት 3:00

እኔ ጋ ሰማይ የሚከተል ትንሽ ሞተር አለ፣ ካሜራውን ይሸከማል። ደንገጎ ላይ እንገናኝ፣ ከተማው ብርሃን ከታች ይቀራል። በየግማሽ ሰዓቱ ማስተካከል የለም።

ደቻቱ_ማዶ
ሰኞ 3:12

ሆጃ እኔ አመጣለሁ፣ ፕላኔቱ ባይመጣም ሆጃው ይመጣል

ከዚራ_ጣሪያ
ረቡዕ ጠዋት 3:40

ሪፖርት።

ደንገጎ ላይ አምስት ነበርን። የነጠላውን ፎቶ 12:20 ላይ አነሳሁ፣ እናቴ "ለካሜራ ነው ወይስ ለሴት ልጅ?" ብላ ነው የሰጠችኝ። ሞተሩ በደንብ ሠራ። 1 ሰዓት ላይ ጀመርን። የመጋዙ ጥርስ ጠፍቷል!! ግራፉ ቀጥ ብሎ እንደ ባቡር ሀዲድ ነው የሚሄደው፣ በ10 ደቂቃ ሲማከል ስህተቱ ከግማሽ ከመቶ ያንሳል። ስለዚህ የማየት አቅም ነበረን፣ የጎደለን መውጫዋ ብቻ ነበር።

4:15 ላይ ከአለማያ በኩል ደመና መጣ። አስራ አምስት ደቂቃ!! አቦ አስራ አምስት ደቂቃ። 6 ሰዓት ድረስ ተቀመጥን፣ አልሄደም።

ቲቸር_ሳቢያን
ረቡዕ 4:05

ይሄ ግራፍ ከቅዳሜው በብዙ ይሻላል፣ ሐቀኛ ግራፍ ነው። አርብ ማታ መውጫዋ 3:36 ገደማ።

ለገሀር_ባቡር
ረቡዕ 4:30

አርብ እኔም አለሁ። ባጃጅ በኔ

ከዚራ_ጣሪያ
ረቡዕ 4:33

ነጠላው ላይ ሆጃ ፈሶበታል። @ደቻቱ_ማዶ አንተ ነህ። ለእናቴ አንተ ትነግራታለህ፣ እስከ አርብ ደግሞ ታጥቦ መድረቅ አለበት